ጋሽ ቦሩ ያልጨረሱት ፊልም

እኔ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ሰርግ ቤት ሰው ሁሉ ተደላድሎ ሲበላ ሳህኔን ይዤ ከድንኳኑ በር እስከ ወጥ ቤቱ እመላለሳለሁ። ለቅሶ ቤት ፍራሽ ላይ አስቀምጠውኝ ዞር ሲሉ ውጪ ቆሜ ያገኙኛል። ሚስቴ "አንተ ሰውዬ፣ መቀመጫህ ላይ እሾህ በቅሏል እንዴ?" ትለኛለች። ሥራዬም ጠባዬን አውቆ የመጣ ነው። አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ፤ አንዱ ኮፈን ሥር አንገቴን አስገብቼ፣ ከሌላው መኪና ሥር ተንሸራትቼ፣ ዕቃ ፍለጋ መርካቶ ደርሼ ቀኑ ይመሻል።

የምቀመጠው አንድ ነገር ፊት ብቻ ነው። የድሮ የህንድ ፊልም ከተከፈተልኝ ሦስት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አልልም። የዛሬውን አትንገሩኝ። የዛሬው አክተር ጡንቻውን ለማሳየት ሲሯሯጥ ፊቱን ቤቱ ረስቶት ይመጣል።

እህቴ እሙ ያን ቀን ጠዋት ስትደውል የአንድ ሚኒባስ ዳሽቦርድ ፈትቼ ሽቦው ወንበሩ ላይ ተዘርግፎ ነበር።

"ሚሌ፣ ደሜ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ኦፕራሲዮን ይገባል" አለችኝ። "ልቡን ነው። ነገ አልሰማሁም እንዳትል።"

"እሱ ነው ንገሪው ያለሽ?"

"እሱማ እንዳትነግሪው ነው ያለኝ።"

"ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?"

"ስድስት ዓመት እኮ ሆነ" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ደሜ ታላቅ ወንድማችን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም፤ ምክንያቱን ደግሞ ሰፈር ሁሉ ያውቀዋል፤ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት የተናገርኩት እኔው ነኝ። እናታችን ስትታመም እኔ አሶሳ አካባቢ ለመንገድ ሥራ የሄዱ ማሽኖች እጠግን ነበር። በየሳምንቱ እደውላለሁ። ደሜ ያነሳና "ተሽሏታል፤ አንተ ሥራህን ሥራ" ይለኛል። ላናግራት ስል "አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳት" ይላል። እንዲህ እያለ ወራት ቆይቶ አንድ ቀን "እስኪ ብቅ ብትል" አለኝ። በእኛ አገር ይህቺ "እስኪ ብቅ ብትል" የምትባል ነገር ምን ማለት እንደሆነች የማይገባው ሰው የለም። ሌሊቱን ሙሉ ተጉዤ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ቀብሩ ተፈጽሞ፣ ሰው ንፍሮ እየዘገነ ነበር። ትንሽ ቢጠብቁኝ እደርስ ነበር። "እናቴን ሳላያት አፈር አለበስካት" አልኩት። ደሜ አንገቱን ደፍቶ አንዲት ቃል አልመለሰም። ቢመልስልኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ እንሰዳደብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌ መጣ፤ መለስኩ። "ታናሽ ነው ወደ ታላቅ የሚሄደው" አሉኝ። "በዳዩ ታላቁ ሲሆን ታላቁ ይመጣል" አልኳቸው። ይህን ሕግ ከየት አመጣኸው ብትሉኝ ከፊልም ነው። አትሳቁ፤ ሰው ሕጉን ከማይረባ ቦታም ያመጣዋል።

ልጆች ሳለን 18 ማዞሪያ፣ ሚኒባሶቹ ከሚዞሩበት ገባ ብሎ፣ የጋሽ ቦሩ ቪዲዮ ቤት ነበር። ቪዲዮ ቤት ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተጋረደ የጭቃ ቤት፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ካሴት የሚጎርስ ደክ። ጋሽ ቦሩ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው ፊልሙን በአማርኛ ይተረጉሙልናል። ህንድኛ አንዲት ቃል አያውቁም። ካሴቱን አስቀድመው ለብቻቸው ያዩና ታሪኩን ከሰዎቹ ፊት ላይ ያነቡታል፤ ያልገባቸውን ከራሳቸው ይሞላሉ። አለቃው በወፍራም ድምፅ "ከ18 ማዞሪያ እስከ አየር ጤና በግንባርህ ነው የማስኬድህ" ብሎ ሲዝት፣ ህንድ ውስጥ አየር ጤና መኖሩ ማናችንንም ገርሞን አያውቅም።

በቪዲዮ ቤት ቋንቋ አክተር ማለት ፊልም የሚሠራ ሁሉ አይደለም። አክተር አንድ ነው። የቀረው ወይ አለቃ ነው፣ ወይ የአለቃ ጀሌ፣ ወይ እናት። አክተር ከፎቅ ይወረወራል፣ ባቡር ይሄድበታል፣ እባብ ይነድፈዋል፤ አይሞትም። "አክተር አይሞትም" ማለት ለእኛ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደማለት ነበር።

ከሁሉ የምወደው "ባቡር ጣቢያው" የተባለውን ነው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፤ ስም ያወጡለት ጋሽ ቦሩ ናቸው። አክተሩን ጉንጨ ስርጉድ ያልነው ደግሞ እኛ። ሲስቅ ግራ ጉንጩ ላይ ጣት የምታስገባ ጉድጓድ ትፈጠራለች። ሌላው ልጅ ቡጢውን ይወድለት ነበር፤ እኔ ግን ሲሰማ ነው የምወደው። ሰው ሲያወራው አገጩን ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ፣ የሚነገረው ነገር ለእሱ ብቻ የተላከ ይመስል ይሰማል። እናቲቱም ነበረች፤ በየፊልሙ እሷው ናት፤ በአንድ ዓይኗ ብቻ ማልቀስ የምትችል ሴት። አለቃው ሰው ሊያስገድል ሲል ብርቱካን ይልጣል፤ ልጦ፣ በልቶ፣ ጣቱን በመሐረብ አንድ በአንድ ጠርጎ ሲያበቃ ነው "ጨርሱት" የሚለው። እስከ ዛሬ ብርቱካን ቀስ ብሎ የሚልጥ ሰው አላምንም።

ታሪኩ የሁለት ወንድማማቾች ነው። ጉንጨ ስርጉድ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ሆኖ ታናሹን ለፍቶ ያስተምረዋል። ታናሽየው ተምሮ ትልቅ ሰው ሲሆን አለቃው በመሃል ገብቶ ያጣላቸዋል፤ ታናሽየው "ከእንግዲህ ወንድም የለኝም" ብሎ በሩን ይዘጋል። መጨረሻ ላይ አክተሩ ጣቢያው ላይ ከጀሌዎቹ ጋር ይፋለማል፤ ሸሚዙ በደም ይርሳል። አለቃው ሽጉጡን ሲያነሳ ቴሌቪዥኑ ድርግም ይላል። ጋሽ ቦሩ በጨለማው ውስጥ "አክተሩ ዘሎ ሽጉጡን ነጠቀው፤ አለቃው አለቀለት" ይሉናል። ምስሉ ሲመለስ ጉንጨ ስርጉድ የወንድሙን በር ያንኳኳል። ታናሽየው ይከፍታል። ይተቃቀፋሉ፤ እኛም እያጨበጨብን እንወጣለን።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኝ ነበር። ጣቢያው ላይ በደም የራሰው ሸሚዝ በሩ ላይ ሲደርስ እንደ በረዶ ነጭ ነው። ጋሽ ቦሩን ጠየቅኳቸው።

"ቀይሮ ነዋ" አሉኝ። "አንተ ሸሚዝ ሳትቀይር ሰው ቤት ትሄዳለህ?"

አሳመኑኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይዤ ቀረሁ፤ ታላቁ ነው የመጣው፤ በሩን ያንኳኳው ታላቁ ነው። ደሜ ደግሞ ያን ፊልም ከማንም በላይ ያውቀዋል። ደኩን እንዲነካ የተፈቀደለት እሱ ብቻ ነበር። መልኩም የአክተር ነው፤ ረጅም፣ ጸጉሩን ወደ ጎን የሚያበጥር፤ ሰፈሩ "አክተር" ነበር የሚለው። ስለዚህ ስድስት ዓመት በር በተንኳኳ ቁጥር "መጣ" እያልኩ ኖርኩ። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤ የጎረቤት ልጅ ነበር፤ አንድ ጊዜ በግ ሻጭ ነበር።

እሙ ስልኩን ከዘጋችው በኋላ ሥራ አልያዝልኝ አለ። ቀዩን ሽቦ ከአረንጓዴው አገናኘሁና ፊውዙን አቃጠልኩት። ተነስቼ እስከ ጋራዡ በር ሄድኩ፤ ተመለስኩ። የጎማ ሠሪውን ክሪክ አነሳሁ፤ ለምን እንዳነሳሁት ጠፋኝና መለስኩት። "ይደውል" እላለሁ። "አንድ ቃል፣ ና ይበለኝ፤ እበራለሁ።" ደግሞ ልብ ኦፕራሲዮን የሚሆን ሰው ምን ብሎ ነው የሚደውለው እላለሁ። ደግሞ መልሶ ያናድደኛል፤ ጭራሽ እንዳትነግሪው ብሏላ።

ስልኬን ያወጣሁት እሱ እንዳልደወለ እያወቅሁ እሱ ደውሎ እንደሆነ ለማየት ነው። ልጄ ሜቲ ማታ የላከችው መልእክት ከላይ ተቀምጧል፤ "አባዬ ይኼ ነው?" ይላል። እኔ ስሠራ የማንጎራጉራት አንዲት የ"ባቡር ጣቢያው" ዜማ አለች፤ ግጥሟን አላውቀውም፤ ህ ህ ብቻ ናት። ሜቲ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው፤ ያቺን ህ ህ ቀድታ ለስልኳ አሰማችውና ስልኩ ፊልሙን አገኘው። ሠላሳ ዓመት መርካቶ ካሴት ቤቶችን ስጠይቅ "ጉንጩ ላይ ስርጉድ ያለው" እያልኩ ተስቆብኛል፤ ስልኩ ግን በአንድ ህ ህ አገኘው። ለእሑድ አቆይቼው ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ጋቢና ተቀመጥኩ። ስልኩን የተፈታው ዳሽቦርድ ላይ አስደገፍኩና ፊልሙን ከፈትኩት።

እንግሊዝኛዬ የመኪና መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው፤ ሆኖም ከሥር የሚሄደውን ጽሑፍ ብዙውን ያዝኩት። መጀመሪያ ሳቅ ገደለኝ። ጋሽ ቦሩ እናቲቱን ስለ ሽንኩርት መወደድ ያስወሯት ቦታ ላይ ሴትዮዋ ለካ ስለት እየተሳለች ነው። አለቃውና ጀሌው ስለ ጠላ የተጨቃጨቁበት ቦታ ስለ ወርቅ ነው። ጉንጨ ስርጉድ ግን ያው ነው። ፊቱ ትርጉም አያስፈልገውም። አገጩን ዝቅ አድርጎ ሲሰማ ጋራዡ፣ ሚኒባሱ፣ የተቃጠለው ፊውዝ ጠፋኝ፤ ባልደረቦቼ ሲጠሩኝም አልሰማሁም።

ፊልሙ መሃል ላይ ደረሰ። በድሮው ጊዜ ጋሽ ቦሩ እዚህ ጋ "ካሴቱ ተበልቷል" ይሉና ደሜን "አሳልፈው" ይሉት ነበር፤ ምስሉ እየተንቀጠቀጠ ይሮጥ ነበር። አሁን አልሮጠም። ጉንጨ ስርጉድ በነጭ ሸሚዝ ደረጃ ሲወጣ አየሁት። በሩን አንኳኳ። ታናሽየው ከፈተ። ተቃቀፉ።

ገና አልተጣሉም። ታናሽየው ፈተና ማለፉን ሰምቶ ነው ታላቅየው ደስ ብሎት የመጣው።

መነሳት አማረኝ፤ ግን ፊልም ነውና አልተነሳሁም። መጨረሻው ላይ ጽሑፉን ማንበብም አላስፈለገኝም። ታናሽየው መስኮት ሥር ቆሟል፤ እናቱ "ሂድ ወደ ወንድምህ" ትለዋለች። "እሱ ይምጣ" ይላል። ትለምነዋለች። "ይመጣል" ይላል፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ያያል። ጣቢያው ላይ አለቃው ጣቱን ጠርጎ ሽጉጡን ያነሳል። ስክሪኑ አልጠቆረም። ታናሽየው በኋላ ሰምቶ ሲሮጥ በመሃል የጭነት ባቡር ይገባበታል፤ ፉርጎው አያልቅም፤ ወዲያ ማዶ ያለውን ለማየት ተንበርክኮ በመንኮራኩሮቹ መሃል ያጮልቃል። ባቡሩ ሲያልፍ ጉንጨ ስርጉድ መሬት ላይ ነው። ሸሚዙ ያው በደም የራሰው ሸሚዝ ነው። ጉንጩ ላይ ስርጉዷ የለችም። ሳይስቅም ምልክቷ ጠፍቶ አያውቅም ነበር፤ እዚያ ግን የለችም።

እንደ ልጅ አለቀስኩ። ከዚያ ቁጣዬ መጣ። ስድስት ዓመት ሙሉ "ይመጣል" እያልኩ መስኮት ሥር የቆምኩት እኔ ነኝ፤ እዚያ ያቆመኝ ደግሞ አንድ ሰውዬ የቀጠለው ካሴት ነው። ከሚኒባሱ ወርጄ እጄን እንኳ ሳልታጠብ መንገድ ገባሁ። ሆስፒታል መሄድ ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። እግሬ ግን የ18 ማዞሪያን ታክሲ ያዘ።

የጋሽ ቦሩ ቪዲዮ ቤት ዛሬ ኳስ ማሳያ ሆኗል፤ ወንበሮቹ እንኳ አንዳንዶቹ የድሮዎቹ ናቸው። እሳቸው በሩ ላይ ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ከሱቁ ፊት ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። የእድራችንም ዳኛ ናቸው፤ ሰፈሩ ውስጥ የሚቀበረውን ሁሉ የሚያስቀብሩት እሳቸው ናቸው። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠኋቸውም።

"ጋሽ ቦሩ፣ አክተሩ ሞቷል" አልኳቸው።

"የቱ አክተር?"

"ጉንጨ ስርጉድ። ባቡር ጣቢያው ላይ። ያቺን የበሩን ነገር ከመሃል ነው የቀጠሏት።"

ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ። "ዛሬ ደረስክባት?" አሉኝ። "ና ተቀመጥ።"

"አልቀመጥም። ለምን አታለሉን?"

"መጀመሪያ ቀን ሙሉውን ነው ያሳየሁት፤ አንተ አልነበርክም። ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። አንዱ 'አክተር እንዴት ይሞታል' ብሎ ወንበሬን ሰበረ።"

"ለወንበር ብለው ነው?"

"ለወንበሩማ የሰበረውን ይዤ አስጠግነው ነበር።" ዱላቸውን መሬት ላይ አቆሙ። "ያ ኢልማኮ፣ ልጄ፣ አባታችሁ ከሞተ ገና ወሩ ነበር። ደሜ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ መጣ። 'ጋሽ ቦሩ፣ ነገ ወንድሜን ሚሊዮንን ይዤው እመጣለሁ፤ ሌሊት እየባነነ ነው፤ እባክዎ አክተሩ አይሙትበት' አለኝ። ካሴት አልቀይር ነገር የተከራየሁት ያን ብቻ ነው። 'እኔ አውቃለሁ' አለ። የበሩን ቦታ መሃል ላይ አሳልፎ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ መልሶ ያመጣው እሱ ነው። አማርኛው የኔ ነው፤ ሥራው የሱ ነው። አንተ ደግሞ በታየ ቁጥር ትመጣለህ፤ ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ በአንተ ምክንያት ያንኑ አየ።"

ያን ደክ አስታወስኩት፤ ደሜ ጎንበስ ብሎ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ በጨለማው ውስጥ ቁልፉን ሲጫን። እኔ ከኋላው ተቀምጬ እያጨበጨብኩ ነበር።

"እናንተ ቤት ይህ የደሜ ነገር አዲስ ነው እንዴ?" አሉ ጋሽ ቦሩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እናትህን ማን ገነዛት መሰለህ? ደሜ ነው፤ ቆሜ አይቻለሁ። በሽታው ፊቷን በልቶት ነበር፤ እኔ እንኳ ወይዘሮ ዋጋነሽ ናት ብዬ ለማመን ተቸገርኩ። 'ሚሊዮን እስኪደርስ እንቆይ' አልኩት። 'ይችን ፊት ይዞ እንዲኖር አልፈልግም፤ እንደ ድሮዋ ያስታውሳት፤ ይጥላኝ' አለኝ። እንዳይነግሩትም ብሎኛል። እስከ ዛሬ አልነገርኩህም። ዛሬ ግን፣ ከእሙ እንደሰማሁት፣ ሰውዬው ልቡን ሊከፈት ነው፤ እኔም አርጅቻለሁ።"

ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ። ወዲያው ደግሞ ደሜን ማነቅና መሳም እኩል አማረኝ።

"ማን ቁረጥልኝ አለው?" አልኩ። "እናቴ እኮ ናት። ፊቷ ቢበላም እናቴ ናት። ማን ለምኖት ነው መጨረሻውን የሚቆርጥብኝ?"

"ማንም አልለመነውም" አሉ ጋሽ ቦሩ። "ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ሄደህ ለሱ ንገረው። ሰዓቱን አይተኸዋል?"

አየሁት። ሰባት ሰዓት አልፏል።

የዚያን ቀን ታክሲ ሰልፍ ከፉርጎው ይረዝም ነበር። አንዱ ሲሞላ ሌላው አይመጣም፤ የመጣው ደግሞ "ነዳጅ ልቅዳ" ይላል። ኮንትራት ይዤ ገባሁና ሹፌሩን "በዚህ፣ በዚያ" እያልኩ አሰቃየሁት። "ጌታዬ፣ እርስዎ ይንዱት?" አለኝ። መንገዱ ሲቆም ወረድኩና በእግሬ ሮጥኩ። ጉልበቴ የሃያ ዓመት ልጅ ጉልበት አይደለም፤ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። እየሮጥኩ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ባቡሩ ባይገባብኝ።

እሙ ኮሪደሩ ላይ አየችኝ። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከኋላዋ ደሜን በተሽከርካሪ አልጋ ሊያስገቡት ነበር። ነጭ ጋውን አልብሰውታል፤ ጸጉሩን በአረንጓዴ ቆብ ሸፍነውታል። ያ ረጅሙ ሰውዬ አልጋው ውስጥ አጥሯል።

ያቀድኩት ንግግር ነበረኝ፤ ከ18 ማዞሪያ ጀምሮ ስሰናዳበት ነው የመጣሁት። ጠፋኝ። አልጋው ላይ ወድቄ አቀፍኩት።

"ኧረ ጋሼ፣ በዚህ ቱታ!" አለች ነርሷ፤ ግሪሴ የደሜ ነጭ ጋውን ላይ በእጄ ቅርጽ ቀርቷል። ሌላ ጋውን ልታመጣ ሄደች።

ደሜ ጋውኑን አየ፤ እኔን አየ። "ሸሚዝ ሳትቀይር ሰው ቤት ትመጣለህ?" አለኝ።

ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ግን የጋሽ ቦሩን አነጋገር አልሳተውም።

"አይቼዋለሁ ደሜ" አልኩት። "ሙሉውን ዛሬ አየሁት። ይሞታል።"

"አለቀስክ?"

"አለቀስኩ።"

"ይኸው፤ ይህን ፈርቼ እኮ ነው።"

"ጋሽ ቦሩ የእማዬንም ነግረውኛል።"

ዓይኑን አልነቀለም። አገጩን ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ ሳያርገበግብ፣ ጠበቀኝ። ያን አሰማም የት እንደማውቀው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ጉንጨ ስርጉድን የወደድኩት ወንድሜን ስለሚመስል ነው እንጂ ወንድሜ እሱን ስለሚመስል አልነበረም።

"ላያት ይገባኝ ነበር" አልኩት። "ብባንንም፣ እድሜዬን ሙሉ ብባንንም፣ ላያት ይገባኝ ነበር። ያን አልተውኩልህም።"

"እሺ" አለ። "ትክክል ነህ።" ከዚያ እጄን ያዘ። "ሚሌ፣ ጠብቄህ ነበር። ልመጣ እልና የማስረዳህን አጣለሁ። ካስረዳሁህ ደግሞ ያን ፊት ልነግርህ ነው።"

"እኔም በር በር ሳይ ነበር።"

ነርሷ ሌላውን ጋውን ይዛ ተመለሰች። ደሜ ወደ እሙ ዞሮ "በይ ውሰጂው" አላት። "እዚህ አይሆንም፤ ሰውነቱ አያስቀምጠውም። ምሳ አብዪው፤ ወደ ቤት ይሂድ። ሲያልቅ ትደውይለታለሽ።"

"ደሜ፣ አሁንም?" አልኩት።

አየኝ። ሳቅ አለ፤ ግራ ጉንጩ ላይ እንደ እማዬ ትንሽ ስርጉድ አለችው፤ ለብዙ ጊዜ አላየኋትም። "እሺ፣ እንደፈለግህ" አለ። አልጋውን ገፉት፤ በሩ ተዘጋ።

እሙ እንባዋን ጠርጋ ክንዴን ያዘች። "ቢሆንም ሂድ" አለችኝ። "ምንም አልበላህም። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አይታወቅም። እኔ እደውልልሃለሁ፣ ደህና ነው እልሃለሁ።"

"ምንም ቢሆን ደህና ነው ነው የምትይኝ" አልኳት።

እሷም የዚያው ቤት ልጅ ናት።

ከበሩ ፊት ለፊት አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ተቀመጥኩ። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ፤ አንዲት ሴት በስልክ ለሆነ ሰው "ተሽሎታል፣ ተሽሎታል" እያለች ስታለቅስ በፊቴ አለፈች። እሙ ውኃ አመጣችልኝ፤ ዳቦ አመጣችልኝ፤ "ተነስና እግርህን አፍታታ እንጂ፤ ምን ነካህ?" አለችኝ። እጄ ግሪስ እንደሆነ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ በሩን አያለሁ። አክተር ይሞታል፤ ዛሬ ጠዋት በዓይኔ አይቻለሁ። ቢሆንም ይህችኛዋን መጨረሻ ማንም እንዲቆርጥልኝ አልፈለግሁም።

"ገና አላለቀም" አልኳት።

አጠገቤ ተቀመጠች። በሩ ሲከፈት እዚያው ነበርኩ፤ ምንም ይዞ ይምጣ፣ ዓይኔንም አልጨፈንኩም።